«እሺ» ብቻ የቀራት እናቴ

ሥራዬ የሰው አፍ መሆን ነበር። በካፋ ፍርድ ቤቶች ካፊኖኖ የሚናገረውን ባለጉዳይ ቃል ለዳኛው በአማርኛ፣ የዳኛውን ቃል ለባለጉዳዩ በካፊኖኖ እያስተላለፍኩ ጎልማሳነቴ አለቀና ሸበትኩ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። የመዝገብ ቤቷ ልጅም «ከእንግዲህ የራስዎን ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት፣ ጋሽ አስራት» ብላ አሳቀችን። እውነት መስሎኝ ነበር። ግን በዚያው ክረምት ከዘመኔ ሁሉ የከበደውን የማስተርጎም ሥራ ሠራሁ። የሠራሁትም ችሎት ላይ ሳይሆን እዚህ ቦንጋ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ መናገር ካቃታት እናቴ አልጋ አጠገብ ነው። እሱን ከማውራቴ በፊት ግን ሥራውን ከማን እንደተማርኩት ልናገር።

እናቴ የቦንጋ አቅራቢያ የጫካ መንደር የማንኪራ ልጅ ናት። ያሳደገችን በካፊኖኖ ነው። አባቴ አያቶቹ ከሰሜን የመጡ፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ካፊኖኖ ይሰማል፤ ሊናገር ሲሞክር ግን እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እሷ ደግሞ አማርኛን ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ለቅማ በራሷ መንገድ ታስኬደዋለች። ወንዱን በሴት፣ ሴቱን በወንድ ትጠራለች፤ ዋጋ ስትከራከር ግን ማንም አይረታትም። በሁለቱ መካከል ያደግን እኔና ታናሽ ወንድሜ ኃይሌ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ያዝን። ኃይሌ ማንኪራ ገብቶ ከቡናውና ከንቡ ጋር ኖረ፤ አባታችን ሲያርፍ እናታችንም ወደ እሱ ሄደች። እኔ የመንግሥት ሥራ ያዝኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ነው። ከደሞዙ ይልቅ የማስታውሰው ጭቃውን ነው። በክረምት ያለ ቡትስ ችሎት የሚደርስ ሰው አልነበረም። እዚያ ነው ጋሽ ገብሬን ያገኘሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ከኔ በፊት ለብዙ ዓመት ያስተረጎመ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተከሳሹን ስተረጉም «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰውየው ሰረቅኩ ይላል» አልኩ። ችሎቱ ሲበተን ጋሽ ገብሬ ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወሰደኝ።

«ሰውየው ማን ነው?» አለኝ።

«ተከሳሹ ነዋ።»

«እዚያ ስትቆም ሰውየው አንተ ነህ። እሱ ‹እኔ› ካለ አንተም ‹እኔ› በል።»

«ታዲያ ሌባ ልባል ነው?»

«ለሰዓቱ ነው። ስትወጣ በሩ ላይ ትተወዋለህ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ችሎት ሳይጀመር ባለጉዳዩ ጎን ይቀመጥና ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያወራዋል። ለጨዋታ ሳይሆን የሰውየውን አነጋገር ጆሮው ውስጥ ለማስገባት ነው፤ የጌሻ ሰውና የቢታ ሰው አንድ ቋንቋ ቢናገሩም ዜማቸው ይለያያል። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ ጋሽ ገብሬ ቶሎ አይጀምርም፤ ትንሽ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ሰውየው ጨረስኩ ብሎ ካሰበ በኋላ ነው። ያልገባው ነገር ካለ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልገባኝም» ይላል። መጀመሪያ ስሰማው እኔ አፈርኩለት። በኋላ ግን በመላው ችሎት ውስጥ የማያፍረው ሰው እሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

አንዱን ልማዱን ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ነበር የማየው። የአዎንና የአይደለም ጥያቄ ሲመጣ ዳኛውን አስፈቅዶ ገልብጦ ይጠይቃል። «አንተ ነህ የወሰድከው?» ብሎ ይጠይቅና ትንሽ ቆይቶ «አንተ አይደለህም የወሰድከው?» ይላል። ለሁለቱም አንድ መልስ ከመጣ ሰውየው አልተረዳም ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዳኞቹ ጊዜ ሄደ እያሉ ያጉረመርማሉ፤ እሱ ግን አይለውጥም።

ምክንያቱን ያወቅኩት አንድ የይግባኝ ጉዳይ ላይ አብሬው ሳስተረጉም ነው። የወረዳውን ስም አላነሳም። ጫካ ውስጥ የሚኖር አንድ ንብ አርቢ የሰው ቀፎ ቆርጠህ ማር ወስደሃል ተብሎ ተከሶ ነበር። መጀመሪያ በተዳኘበት ቀን አስተርጓሚ አልነበረም። «አማርኛ ትሰማለህ?» ሲባል «እሺ» አለ። «የተከሰስክበትን ፈጽመሃል?» ሲባልም «እሺ» አለ። ማር የወሰደ ሰው ሆኖ ተጻፈና ወደ ማረሚያ ቤት ሄደ። ይግባኙ ቀርቦ ሰውየው በገዛ ቋንቋው ሲጠየቅ ቀፎው ከአጎቱ የወረሰው የራሱ ሆኖ ተገኘ። ዛፉን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም መሰከሩለት። ጋሽ ገብሬ «ታዲያ ለምን እሺ አልክ?» የሚለውን የዳኛውን ጥያቄ ሲያስተላልፍለት እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ቶሎ ጨርሰው ወደ ቤቴ የሚለቁኝ መስሎኝ ነው። እናቴ ታማ ነበር።»

ነፃ ወጣ። እናቱ ግን እሱ እስር ቤት እያለ ሞታ ነበር፤ አልቀበራትም። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን ዘጉት። ውጭ ስንወጣ ጋሽ ገብሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ «እንዲህ ያለ ሲያጋጥመኝ ሁለተኛዬ ነው» አለኝ። የመጀመሪያውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ለዚያ ሰው ማናችንም በጊዜው አልደረስንለትም። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው እሱ ነው።

ከደካ ወደ ቢታ ገነት ተዛወርኩ፣ ከዚያ ወደ ቦንጋ። ጋሽ ገብሬ ከሥራ እንደወጣ ብዙ ሳይቆይ አረፈ፤ ጥያቄ መገልበጡን እኔ ወረስኩ። ቦንጋ ብዙ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁት ዳኛ ቁጡ ሴት ነበሩ፤ ይህን ልማዴን ግን ወደዱት። እጄን ሳነሳ «እሺ፣ ጋሽ አስራት ሊገለብጡ ነው» ይሉና ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። የመሬት፣ የጋብቻ፣ የጠብ፣ የቡና ማሳ ወሰን ጉዳይ ስንቱን አሳለፍን። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «የኔን ነገር ጥሩ አድርገህ ተናገርክልኝ» ይለኛል። የተናገረው ራሱ ነበር፤ እኔ መንገዱን ብቻ ነው የጠረግኩለት።

ጡረታ ወጥቼ ቤት መቀመጡን ገና ሳልለምደው አንድ ጠዋት ኃይሌ ደወለ።

«እማዬ ከመኝታዋ ስትነሳ ቀኝ እግሯ አልታዘዛት አለና ወደቀች» አለኝ። ያለከልካል። «አትናገርም፣ አስራት። ታየኛለች፣ አትናገርም። ጎረቤት ተሸክሟት መንገድ ላይ ነን።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከመኪናው ሲያወርዷት ፊቷ ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል፣ ቀኝ እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሏል። አየችኝ። አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ያን ጊዜ የተሰማኝን በየትኛውም ቋንቋ ማስተርጎም አልችልም።

ሐኪሙ ዶክተር ናሆም የሚባል፣ ከሌላ ክልል መጥቶ እዚህ የተመደበ ወጣት ነው። መርምሯት ሲጨርስ እኔንና ኃይሌን ጠርቶ በቀስታ አስረዳን። ስትሮክ ነው፤ ወደ ግራው አንጎሏ የሚሄድ የደም ሥር ተዘግቷል፣ የቀኝ ጎኗንና ንግግሯን የያዘው እሱ ነው አለን። መዋጥም ስላስቸገራት ምግብ ለጊዜው በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ሆነ። ደረቷም ላይ ኢንፌክሽን ጀምሯት ስለነበር መድኃኒቱ በክንዷ በኩል ይሰጣታል። በአስታማሚነት እኔና ኃይሌ እየተፈራረቅን ተቀመጥን።

በሁለተኛው ጠዋት ኃይሌ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አላት።

«እሺ» አለች።

ከወንበሬ ተነሣሁ። ኃይሌ ፎጣውን ጣለው። «ተናገረች! ተመስገን!» ብሎ አልጋው ላይ ተደፋ። «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ? አወቅሽኝ?»

«እሺ።»

«ያምሻል?»

«እሺ።»

«ተሽሎሻል?»

«እሺ።»

ኃይሌ አሁንም ይስቃል፣ ያለቅሳል። እኔ ግን የጣለውን ፎጣ ከወለሉ አነሣሁ። ይህ ቃል በዚህ አኳኋን ተብሎ ሰው ሲያሳስር አውቃለሁ።

ዶክተር ናሆም ለጉብኝት ሲመጣ ነገርኩት። አልተገረመም። «ያጋጥማል» አለ። «ንግግር ሲጎዳ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ይተርፋል። ሌላ ነገር ሊሉ ይፈልጋሉ፣ አፋቸው ግን ያችኑ ቃል ብቻ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ‹እሺ› ሲሉ ተስማሙ ብላችሁ አትውሰዱት።»

«ታዲያ የምንላትን ትሰማለች?» አለ ኃይሌ።

«የተወሰነውን እንደሚሰሙ አምናለሁ። ምን ያህሉን እንደሆነ ግን ገና አላውቅም፤ አብረን ነው የምናውቀው።» ከዚያ የምናደርገውን አንድ በአንድ ነገረን። አጭር አጭር ተናገሩ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ከጠየቃችሁ በኋላ ጊዜ ስጧቸው። የምትጠይቁትን ነገር በእጃችሁ ይዛችሁ አሳዩአቸው። እዚሁ አጠገባቸው ሆናችሁ ደግሞ እንደሌሉ አድርጋችሁ ስለ እሳቸው አታውሩ። የመጨረሻውን ሲናገር ወደ እሷ ዞሮ «አይደል፣ እማማ?» አላት። በግራ እጇ የነጭ ጋዎኑን ጫፍ ያዘችው።

ቀኖቹ ግን ቀላል አልነበሩም። አንድ ከሰዓት አጠገቧ የተኛችውን ታማሚ ዘመዶቿ ሊጠይቁ መጥተው ሲያበቁ ቆመው «አባታችን ሆይ»ን መድገም ጀመሩ። እናቴም ጀመረች። ቃሉ ሳይዛነፍ፣ ሳትደናቀፍ፣ ከእነሱ ጋር እስከ አሜን ደረሰች። ክፍሉ በእልልታ ተሞላ። አንዷ ሴት መሬት ሳመች። ኃይሌ አጎነበሰና «እስቲ ስሜን ጥሪኝ፣ እማዬ» አላት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ታገለች። «እሺ» አለች፤ ወዲያው በግራ እጇ አፏን ሸፈነች። ዓይኖቿ ሞሉ። ያወጣችው ቃል የፈለገችው እንዳልሆነ አውቃለች ማለት ነው። ኃይሌን አንጀቱን በላው። እኔን ግን፣ ክፉ ልጅ አትበሉኝና፣ ትንሽ አሳረፈኝ። እናቴ ውስጥ አለች፤ በሩ ነው የተዘጋባት። ዶክተሩም በልብ የተያዘ ጸሎት አዲስ ንግግር ከሚመጣበት በተለየ መንገድ እንደሚመጣ ነገረን፤ ተአምር ነው ብለን እንዳንሰበር፣ ከንቱ ነው ብለንም ተስፋ እንዳንቆርጥ።

ከሁሉ የከበደኝ የእሷ ለቅሶ ነበር። አንሶላ ሊቀየር ወይም ጎኗ እንዳይቆስል ልትገለበጥ ስትነሣ «እሺ! እሺ! እሺ!» እያለች ኃይሌን በግራ እጇ ትገፋዋለች፣ ከዚያ ወደ በሩ እያየች ታለቅሳለች። ኃይሌ ይህን ሲያይ አንድ ሐሳብ ያዘ።

«ቤቴ ውሰዱኝ ነው የምትለው» አለኝ በረንዳው ላይ። «እዚህ በቱቦ ታስራ እንድትሞት አትፈልግም። መኪና አናግሬያለሁ። ነገ እወስዳታለሁ።»

«ደረቷ አልዳነም እኮ። መዋጥም ገና ነው። ዶክተሩ ጥቂት ቀን ትቆይ ብሏል።»

«ዶክተሩ ጎበዝ ነው። ግን ልጇ እኔ ነኝ። ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች!»

«እሺ ማለቷ መልስ አይደለም ተብለናል፣ ኃይሌ።»

ክንዴን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባኝ። «እማዬ፣ ቤት ልውሰድሽ?»

«እሺ» አለች፤ እንባዋ ወረደ። ኃይሌ አየህ አየህ በሚል ዓይን አየኝ።

እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። «እማዬ፣ እዚሁ ትቆያለሽ?»

«እሺ።»

ኃይሌ ፊቱ ጠቆረ። ስለ ንብ አርቢው ሰው ነገርኩት፤ እሺ ብሎ ስለ ታሰረው። ሰምቶኝ ሲጨርስ ጮኸብኝ።

«እናታችን ተከሳሽ አይደለችም! ችሎትህን ፍርድ ቤት ተው!»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እውነቱን ነበር። ጥያቄውን መገልበጥ የማታውቀውን ያሳይሃል እንጂ እሷ የምትፈልገውን አይነግርህም። በዕድሜዬ ሙሉ የሌላውን ሰው ቃል ስሸከም ቃል ነበረው። እዚህ ግን የምሸከመው ቃል አጣሁ።

ጩኸቱን ሰምተው ዶክተር ናሆምና ሲስተር ወይንሸት መጡ። ሲስተር ወይንሸት ድምፅዋ የማይሰማ፣ እጇ ግን የማያርፍ ነርስ ናት፤ እናቴ ከሁሉ በላይ የምትወደው እሷን ነበር። ዶክተሩ አልተቆጣም። ሁለታችንንም ሰማንና እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ቤት ውስጥ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታወሯቸው?»

«በካፊኖኖ» አለ ኃይሌ።

«እዚህስ?»

ተያየን። ከገባች ጀምሮ ሁለታችንም የምናናግራት በአማርኛ ነበር። ሆስፒታል መሥሪያ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤት ስንገባ ምላሳችን ሳናዝዘው ወደ አማርኛ ይዞራል። ነርሶቹም የምንላትን እንዲሰሙ ብለን ነበር። እሷም ድሮ አማርኛ ስለማያቅታት ልብ አላልነውም።

«መጀመሪያ የለመዱት ቋንቋ የተሻለ ሊገባቸው ይችላል» አለ ዶክተሩ። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰው ከሰው ይለያል። ግን እንሞክረው። ሲስተር ትጠይቅ፣ ጋሽ አስራት ያስተርጉሙ። በቃል ሳይሆን በእጃቸው እንዲመልሱ አድርጉ።»

ሲስተር ወይንሸት ቀድማ አንድ ነገር ተናገረች። «እኔ ያየሁት ነገር አለ» አለች። «ሁሌ አይደለም የሚያለቅሱት። ቱቦውን ሳጸዳ አያለቅሱም። መርፌ ስወጋም ዝም ይላሉ። የሚጮኹት ሲነሡ ብቻ ነው። እሺ የሚሉበት ድምፅም ያን ጊዜ ይለያል፣ ቀጭን ይሆናል። አሞኛል የሚሉ ይመስለኛል።»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ በካፊኖኖ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አስራት» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስኮት ሲከፈትለት እንደሚያደርገው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። «የሚያምሽን ቦታ እንድናውቅ ሲስተር ትነካሻለች። እዚያው ከሆነ እጇን ያዢ። ካልሆነ ልቀቂ።»

ሲስተር እግሯን ነካች። እናቴ ዝም። ሆዷን። ዝም። ግራ ትከሻዋን። እጇን በቀስታ ገፋችው። ቀኝ ትከሻዋን ገና በጣቷ ጫፍ ስትነካ እናቴ በግራ እጇ የሲስተርን አንጓ ያዘችና አልለቅ አለች። «እሺ» አለች፤ ያች ቀጭን ድምፅ።

ጠበቅኩ። «እዚህ አያምሽም?» አልኩ ገልብጬ። የያዘችውን አንጓ በኃይል ነቀነቀችው፤ ከዚያ ራሷ የሲስተርን እጅ ወስዳ እዚያው ትከሻ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ዶክተሩ መረመራት። ሽባ የሆነ ክንድ ጡንቻው ስለሚላላ ትከሻው ከቦታው ዝቅ እንደሚል፣ በዚያ ላይ በክንዱ ተይዞ ሲጎተት እንደሚጎዳ አስረዳን። ሲያነሷት ከነበሩት ሰዎች ጉልበተኛው ኃይሌ ነው። ሁለቱንም ክንዶቿን ከብብቷ ሥር ይዞ፣ ከፍቅሩ የተነሣ ሌላ ሰው እንዳይነካት ብሎ፣ ብቻውን ወደ ላይ ይስባት ነበር።

ኃይሌ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ እንዴ የማስለቅሳት?»

እናቴ ግራ እጇን ከአልጋው ጫፍ አወረደች፤ ወንድሜ ፀጉር ላይ ደረሰች። እንደ ሕፃን ራሱን ዳበሰችው። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰው ሲንሰቀሰቅ ክፍሉ ሁሉ አብሮት አለቀሰ።

ሲስተር ወይንሸት የተጎዳውን ክንድ በትራስ ላይ አሳረፈችው፣ ለምትነሣበት ጊዜ ደግሞ በነጠላ ማንጠልጠያ ሠራችለት። ከዚያ አነሣሡን አሳየችን፤ አንዱ ከጀርባ፣ አንዱ ከዳሌ፣ ክንዱን ማንም ሳይነካ፣ እኩል ተነጋግሮ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንጎትታት በትክክል ስናነሣት እናቴ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች፤ ሕመሙ ሳይመጣ ሲቀር ተንፍሳ ትራሷ ላይ ራሷን ጣለች። ማስታገሻም ተሰጣትና ያን ከሰዓት እንቅልፍ ወሰዳት። ከገባች ጀምሮ ሳታቃስት ስትተኛ አይተን አናውቅም። ኃይሌና እኔ በረንዳው ላይ ወጥተን ዝናቡን አየን። በኋላ ከፔርሙሳችን የተረፈውን ሻይ በአንድ ስኒ ተካፈልን።

ስትነቃ ያልተቋጨውን ነገር አነሣን። ኃይሌ ራሱ «አንተ ጠይቃት» አለኝ። ዶክተሩ እንዳስተማረን ሁለት ነገር በእጃችን ያዝን። ኃይሌ የማንኪራ ቤቷን ቁልፍ፣ እኔ የአልጋዋን ትራስ። በካፊኖኖ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ቁልፉ ቤት መሄድ ነው፤ ትራሱ እስኪሻልሽ እዚህ መቆየት ነው። የፈለግሽውን ንኪ። ለረጅም ጊዜ ቁልፉን አየች። እጇ ወደ እሱ ሄደ፤ ቁልፉን ወስዳ ብርድ ልብሷ ሥር አስገባችው። ኃይሌ ተስፋ ቆርጦ እኔን አየኝ። ከዚያ ግን እጇን ዘርግታ ትራሱን መታ መታ አደረገችው። ቁልፉ ይቀመጥላት፣ እሷ ትቆያለች። ቁልፉን ለጊዜው ተቀብለናት፣ ቦታ ተቀያይረን እንደገና ጠየቅናት። እንደገና ትራሱን።

«መኪናውን ልተወው» አለ ኃይሌ፤ ስልኩን አወጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሮች በሙሉ ባይሆንም ቀለል አሉ። ኢንፌክሽኑ ለቀቃት። ዶክተር ናሆም አዋዋጧን በጥንቃቄ ፈትኖ ቱቦውን አወጣላት፤ አጥሚት በማንኪያ ጀመርን። እኛም ለመድን። እሺዋ ዜማ እንዳለው አወቅን። ረጅሙ እሺ ሌላ ነው፣ አጭሩ ሌላ፣ የተጠየቀችውን ነገር ስትጠላ የምትለው እሺ ደግሞ ሰው ያባርራል። ባልገባኝ ጊዜ «አልገባኝም እማዬ» እላታለሁ። ትንፋሿን ታወጣና በእጇ እንደገና ታሳየኛለች። የገባኝ መስዬ እሺ እሺ ስላት ግን ታውቅብኛለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አንድ ጠዋት ኃይሌ ጨው የሌለው አጥሚት ይዞ መጣ፤ ደም ግፊት ስላለባት ጨው ተከልክላለች። አንድ ማንኪያ ወሰደች። ሁለተኛውን ሲያቀርብ ከንፈሯን ጥብቅ አደረገች። «ለጤናሽ ነው እማዬ፣ ዋጪው» አላት። ማንኪያውን ደጋግሞ ወደ አፏ አስጠጋው። ድንገት «እምቢ!» አለች።

ኃይሌ ማንኪያውን ወደ ሳህኑ መለሰው። እሷም ደነገጠች። «እምቢ» አለች እንደገና፣ ቃሉን እየቀመሰች። ሲስተር ወይንሸት ከክፍሉ ጫፍ እያጨበጨበች መጣች። ኃይሌ አጥሚቱን ልብሱ ላይ ደፍቶ ሳቀ። ድካማችንን እስክንረሳ ድረስ ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን ለአንድ ሰሞን ለምናቀርብላት ነገር ሁሉ፣ ለምትወደውም ለምትጠላውም፣ መልሷ እምቢ ሆነ። ዶክተሩ ሲሰማ «አሁን ደግሞ እምቢን ማመን የለባችሁም» ብሎ አሳቀን። ሁለት ቃል ያለው ሰው ግን አንድ ቃል ካለው ይሻላል። ሦስተኛው የመጣው ሳንጠብቀው ነው፤ ሲስተር ወይንሸት ተራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል «ደህና» አለቻት።

ወደ ማንኪራ የወሰድናት ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ነው። መኪናው እስከሚደርስበት ድረስ ሄደ፣ ከዚያ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተቀበሏት። ኃይሌ ከፊት ሆኖ «ክንዷን! ክንዷን እንዳትነኩ!» እያለ ሁሉን አዋከበ። ግቢው ስትገባ ቡናውን፣ እንሰቱን፣ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ቀፎ ተራ በተራ አየች። በርጩማዋ ላይ በትራስ ደግፈን ስናስቀምጣት አንገቷን ቀና አድርጋ ተነፈሰች፤ እኔም ለሳምንታት ይዤው የቆየሁት ትንፋሽ አብሮ ወጣ።

እንግዳ ሲመጣና ሲሄድ ሰነበተ። አንድ ቀን የልጅነት ጓደኛዋ እትዬ ብርቄ መጡ። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«እህ፣ አስራት ልጄ፣ እንዴት ናት? ትሰማለች? ታውቀናለች?»

አፌን ከፍቼ ልመልስ ነበር። እናቴ አየችኝ። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ፊት ስቀላምድ የምታየኝ አስተያየት ነው።

«እትዬ፣ ራሷን ይጠይቋት» አልኳቸው።

«መልስ ትሰጠኛለች?»

«ትንሽ ይጠብቋት።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ኃይሌ ደጅ ተቀምጦ አዲስ ቀፎ በገመድ እያሰረ ነው፤ አጠገቡ ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታለች። ከውስጥ የእትዬ ብርቄ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ነገር ጠየቁ። ከዚያ ዝም ሆነ። ዝምታው ረዘመ፤ ሳላውቀው ልነሣ ቃጣሁ። ኃይሌ በእጁ ጉልበቴን ያዘኝ።

ከውስጥ ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። በምን እንደሳቁ ገብቼ አልጠየቅኩም። የገመዱን ጫፍ ያዝኩለትና ቀፎውን አብረን አሰርን።